ከላስታ የሚነሣ የሰላም ድርጅት፦ እንዴት ይመሠረታል፣ ማንስ ይመራዋል?

ተከዜ የሚነሣው ከላስታ ደጋ ነው። ከላሊበላ ብዙም ሳይርቅ የሚጀምረው ውኃ ዋግን እየታከከ ወደ ሰሜን ይወርዳል፣ ትግራይን ያቋርጣል፣ ሰቲት በሚባልበት ቦታ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወሰን ይሆናል፣ በመጨረሻም ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ይቀላቀላል። በምሥራቅ በኩል ደጋው ወደ ራያ ቆቦ ቆላ ያዘቀዝቃል፤ ከቆቦ ወዲያ አፋር ነው። ላስታ ላይ ተቀምጦ ስለ ሰላም የሚያስብ ሰው ወደደም ጠላም ስለ ጎረቤት ማሰቡ አይቀርም።

ያለፉት ዓመታት ይህን በከባድ ዋጋ አስተምረዋል። የሰሜኑ ጦርነት ትግራይ ውስጥ በተጀመረ በዘጠነኛው ወር፣ ሐምሌ 29 ቀን 2013፣ የትግራይ ኃይሎች ላሊበላ ገቡ። ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ቆየች። በ1970 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ የሆኑት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንግዳ አጡ፤ አስጎብኚውም፣ ባለሆቴሉም፣ በቅሎ አከራዩም ሥራ ፈቱ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ በአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪነት ስምምነት ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላው፣ በ2015 ክረምት፣ አማራ ክልል ውስጥ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ሌላ ግጭት ፈነዳ፤ ላሊበላም ከዚህኛው አልተረፈችም።

የፕሪቶሪያው ፊርማ የመንግሥትና የሕወሓት ፊርማ ነው። የጠመንጃውን ድምፅ ለማስቆም አስፈላጊ ነበር። ከብቱ የተነዳበት የቆቦ ገበሬና ልጁ የሞተበት የወዲያ ማዶ ገበሬ እንደገና አንድ ገበያ እንዲውሉ ማድረግ ግን የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ብቻውን አይዘልቅም፣ ድርጅት ያስፈልገዋል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ድርጅት ለማቋቋም ለሚያስቡ፣ ሕግም አስተዳደርም ላልተማሩ ሰዎች የተጻፈ መግቢያ ነው። ከመጀመሪያው የማምንበትን ልናገር፤ የሰላም ድርጅት ያለው ሀብት የሁለት ወገን አመኔታ ብቻ ነው። ስለዚህ ማን እንደሚመራው፣ ማን እንደሚቆጣጠረውና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ መወሰን ከሰላሙ ሥራ በፊት የሚያልቅ የቢሮ ጣጣ ሳይሆን የሰላሙ ሥራ የመጀመሪያ ክፍል ነው።

ማኅበር መምራት ለላስታ ሰው እንግዳ አይደለም። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ከቀብር የቀረን የሚቀጣበት ደንብ አለው። ሰንበቴውና የጻድቃን ማኅበሩም ተራ አላቸው። ሽምግልናውም የቆየ ነው፤ በራያ ቆቦ በኩል ዘወልድ የሚባለው ሥርዓት ከአፋርና ከትግራይ ጎረቤት ጋር የሚነሣን የደም ጉዳይ ሲይዝ ኖሯል፣ በወሎ ብዙ ወረዳዎችም አበጋሮች ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ያስታርቃሉ። አዲስ ድርጅት እነዚህን ሊተካ ቢነሣ ከመነሻው ይከስራል።

ይሁንና በቅሬና በሰላም ድርጅት መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው። በቅሬ ከፋዩና ተጠቃሚው አንድ ሰው ነው። ገንዘብ ያዡ ቢያጎድል በወሩ ስብሰባ ላይ ባለቤቶቹ ይጠይቁታል። በሰላም ድርጅት ከፋዩ ሩቅ ነው፤ ጄኔቭ ወይም ዋሽንግተን ወይም አዲስ አበባ ተቀምጧል። ተጠቃሚው፣ ማለትም የተጣላው ሰው፣ የድርጅቱ አባል አይደለም፤ ድምፅ የለውም፤ ምናልባትም ድርጅቱን አይወደውም። ሁለቱም በቦታው ስለሌሉ ሥራ አስኪያጁን የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል። ቦርድ የሚባለው አካል የሚያስፈልገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ወደ ሕጉ እንግባ። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ሥራ ለአሥር ዓመት ያህል በጠባብ በር ያለፈ ነው። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ግጭት መፍታትንና ዕርቅን ለማራመድ የሚችሉት «የኢትዮጵያ» ተብለው የተመዘገቡት ብቻ እንዲሆኑ ደነገገ፤ እነዚህ ደግሞ ከውጭ ምንጭ ማግኘት የሚችሉት ከገቢያቸው 10 በመቶ ብቻ ነበር። ሐሳቡ የአገር ጉዳይ በአገር ገንዘብ ይሠራ የሚል ነው። የአገር ውስጥ ለጋሽ ባልበረከተበት አገር ውጤቱ ብዙዎች ሥራቸውን እንዲለውጡ ወይም እንዲዘጉ ማድረግ ሆነ። በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ሽሮ፣ ድርጅቶች በማናቸውም ሕጋዊ ዓላማ እንዲሠማሩና ከማናቸውም ሕጋዊ ምንጭ ገንዘብ እንዲሰበስቡ ፈቀደ።

በአዲሱ አዋጅ ጀማሪዎች በዋናነት ከሁለት መንገድ ይመርጣሉ። የመጀመሪያው ማኅበር ነው። ቢያንስ 5 አባላት ይዞ ይቋቋማል፤ የበላይ አካሉ የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ሁለተኛው በቦርድ የሚመራ ድርጅት ነው። ሁለት መሥራቾች ይበቁታል፤ የበላይ አካሉም ከ5 እስከ 13 ሰው የሚይዝ ቦርድ ነው። ኢንዶውመንት፣ ትረስትና የበጎ አድራጎት ኮሚቴም በሕጉ አሉ፤ ለዚህ ሥራ ግን ብዙም አይመቹም።

የትኛው ይሻላል? ማኅበር የላስታ ሰው የለመደው ነገር ነው፤ ሁሉም ድምፅ አለው። ችግሩ አባላቱ አንድ አካባቢ የሚኖሩ፣ አንድ ዓይነት ሐዘን ያዘኑ ሰዎች ከሆኑ ጠቅላላ ጉባኤው የአንድ ወገን ጉባኤ ይሆናል። ግጭት በተነሣ ማግሥት አባላቱ በድምፅ ብልጫ ድርጅቱን የወገናቸው ቃል አቀባይ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ይህንንም ያለ ክፋት፣ ከእውነተኛ ሐዘን ተነሥተው ያደርጉታል። ስለዚህ ወሰን ተሻግሮ ለሚሠራ ድርጅት እኔ የቦርዱን መንገድ እመርጣለሁ፤ ከላስታ፣ ከቆቦ፣ ከሰቆጣ፣ ከአፋርና ከትግራይ በኩል የመጡ ሰዎችን በደንብ ቁጥራቸውን ወስኖ ማስቀመጥ የሚቻለው በእሱ ነው።

መሥራቾች ምዝገባው የት እንደሚፈጸም የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ መጠየቅ ነበረበት። አማራ ክልል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ድርጅት በክልሉ ሕግ፣ በክልሉ መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። በሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎች የሚሠራ ከሆነ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይሄዳል። አፋርንና ትግራይን የሚነካ ዓላማ ይዞ በክልል መመዝገብ ድርጅቱን ገና ሲወለድ የአንድ ክልል ሰው ያስመስለዋል፤ የጉዞው ወጪ ቢከብድም ወደ ፌዴራሉ መሄድ ይሻላል። የመሥራቾች ቃለ ጉባኤ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የድርጅቱ ስም፣ ዓላማውና የሥራ ቦታው፣ መተዳደሪያ ደንቡ ይቀርባሉ፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዝዛል።

መተዳደሪያ ደንቡን ከሌላ ድርጅት ገልብጦ ስሙን ብቻ መለወጥ የተለመደ ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት። በስብሰባ፣ አንቀጽ በአንቀጽ፣ እየተከራከራችሁ ጻፉት። በቦርዱ ውስጥ በሥልጣን ላይ ያለ ባለሥልጣንና የፓርቲ አመራር ይግባ ወይስ አይግባ? አይግባ ባይ ነኝ። የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ሰው ይኑር። ባል የሞተባትና ልጅ የሸኘች ሴት የምትናገርበት ወንበር ይኑር፤ ሽምግልናችን ወንዶች ብቻ የተቀመጡበት ሆኖ ቆይቷል፣ የሴቶቹ ቂም ደግሞ ከወንዶቹ ቂም ይልቅ ዝም ብሎ ይኖራል። የአገልግሎት ዘመን ይወሰን፤ መሥራችም ቢሆን ተራው ሲደርስ ይውረድ። የሥራ አስኪያጁ ወንድም ወይም አማች ቦርድ ላይ አይቀመጥ። ቦርዱ ሥራ አስኪያጁን ይቀጥራል፣ ይገመግማል፣ ያሰናብታል፣ በጀት ያጸድቃል፣ የውጭ ኦዲተር ይሾማል፤ የመኪናውን መውጫና መግቢያ ግን አይወስንም። ይህ ድንበር ከተደበላለቀ ወይ ሥራ አስኪያጁ ንጉሥ ይሆናል፣ ወይ ቦርዱ ሁለተኛ ሥራ አስኪያጅ ይሆናል።

አገራችን ካየቻቸው የዚህ ዓይነት ጥረቶች ብዙ የሚያስተምረው በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የተመራው የሽማግሌዎች ጉዳይ ነው። ወለጋ ነጆ የተወለዱት፣ ሐርቫርድ ያስተማሩት ምሁር፣ በደርግ መጨረሻ ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር ጊዜያዊ የሰላም ኮሚቴ አቋቁመው ነበር፤ ከዚያ ጥረት አዲስ አበባ ላይ የሰላምና ልማት ማዕከል ወጣ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች ሲታሰሩም ሽማግሌዎቹ በመንግሥትና በእስረኞቹ መካከል ተመላለሱ። ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ከነሱ አንዱ ነበር። ሐምሌ 13 ቀን 1999 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸው የነበሩትን ጨምሮ 38 ሰዎች በይቅርታ ተፈቱ። ትልቅ ሥራ ነበር፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

ግን አልቆ አላለቀም። በ2001 ከተፈቱት አንዷ የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ እንደገና ታሰሩ። ጠቡ የተነሣው ይቅርታው እንዴት እንደተገኘ፣ በሽማግሌዎቹ በኩል ምን እንደተባለ ውጭ አገር በተናገሩት ላይ ነበር። የተፈቱት መስከረም 2003 ነው። ከዚህ ለመሥራቾች የሚተርፈው ትምህርት ከባድ ነው። ሽማግሌ ክቡር ቢሆንም፣ ቃሉም ቢታመን፣ ማን ምን ቃል እንደገባ፣ ማን ምን እንደፈረመ፣ ስምምነቱ በአደባባይ እንዴት እንደሚነገር ሁለቱም ወገን ያዩት ጽሑፍ ያስፈልጋል። አስታራቂው ድርጅት ቃለ ጉባኤ የሚይዝበት፣ ሁለቱን ወገን የሚያስፈርምበት፣ መግለጫ ማን እንደሚሰጥ የሚወስንበት ደንብ ከመጀመሪያው ቀን ሊኖረው ይገባል።

ሌላም አደጋ አለ። ሕወሓት ከሚያዝያ 2013 እስከ መጋቢት 2015 በፓርላማ ውሳኔ በአሸባሪነት ተፈርጆ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለቱንም ወገን አነጋግራለሁ የሚል አስታራቂ ከሕግ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ቦርዱ ውስጥ ጠበቃ ሊኖር የሚገባው ለዚህ ነው። ድርጅቱ ማንን፣ በማን ዕውቅና፣ ለምን ጉዳይ እንደሚያነጋግር ቦርዱ አስቀድሞ ይወስን፤ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ከመንደር መንደር የሚሄደውን ወጣት ሠራተኛ ብቻውን ለዚህ አደጋ መተው በደል ነው።

ሁሉም የሰላም ድርጅት ግን አስታራቂ መሆን የለበትም። ከ2004 ጀምሮ ባሕር ዳር ላይ የተሰበሰበው የጣና ፎረም የአፍሪካ መሪዎችና ምሁራን ስለ አህጉሩ ጸጥታ በነፃ የሚወያዩበት መድረክ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱን የያዘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም ነው። ውሳኔ አያሳልፍም፣ ማንንም አያስፈርምም፣ ሐሳብ ግን ያገናኛል። ላሊበላ ላይ የሚቋቋም ድርጅትም ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ። ያወያያል ወይስ ያስታርቃል? ሁለቱን በአንድ ዓመት የጀመረ ድርጅት ሁለቱንም ሲጎዳ ይታያል።

ገንዘቡ ይቀራል። አዋጁ አስተዳደራዊ ወጪ ከድርጅቱ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዝዛል፤ የቢሮ ኪራይ፣ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የባንክ አገልግሎት፣ መብራትና ኢንተርኔት ከዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ለትንሽ ድርጅት ጠባብ ነው፤ ሥራው ሰው ማነጋገር የሆነ ድርጅት ወጪው ሁሉ ከቢሮ ወጪ ጋር ይመሳሰልበታልና የሽማግሌዎች ጉዞና አበል የፕሮጀክት ሥራ መሆኑ በዕቅዱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። ከውጭ ያለው ወገን ሲረዳ ደስ ይላል፤ ነገር ግን በጦርነቱ ለአንድ ወገን ገንዘብ ሲያሰባስብ ከነበረ ቡድን ስጦታ ሲመጣ፣ የወዲያኛው ወገን በማግሥቱ ያውቃል። በእኔ ምክር ከአንድ ለጋሽ የሚመጣው ድርሻ በደንቡ ይወሰን፤ የለጋሾች ዝርዝርም በየዓመቱ ለሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ይነበብ። ትንሽ የአገር ውስጥ መዋጮም፣ ከቅሬውም ከነጋዴውም፣ ከመጠኑ በላይ ዋጋ አለው፤ ድርጅቱ የማን እንደሆነ ይናገራል።

መሥራቾች በጉጉታቸው የሚያልፉት የመጨረሻው አንቀጽ ስለ መፍረስ ነው። አባላትና መሥራቾች የድርጅቱን ንብረት መከፋፈል አይችሉም፤ ድርጅቱ ሲፈርስ ንብረቱ ወደ ሌላ ድርጅት ይተላለፋል። መኪናና ኮምፒዩተር ማስተላለፍ ቀላል ነው። የዕርቅ ቃለ ጉባኤዎቹ ግን የገዳይንና የሟች ቤተሰብን ስም፣ የካሣውን መጠን፣ የምስክሮችን ቃል የያዙ ናቸው፤ በተሳሳተ እጅ ቢገቡ አሮጌ ደም ይቀሰቅሳሉ። ስለዚህ መዝገቡ ድርጅቱ ሲዘጋ ለማን እንደሚሰጥ፣ ለስንት ዓመት ታሽጎ እንደሚቆይ፣ ለመክፈትም የማንና የማን ፊርማ እንደሚያስፈልግ አንድ አንቀጽ ይጻፍበት፤ ያ አንቀጽ የመጀመሪያው ዕርቅ ከመፈጸሙ በፊት በቦርዱ ይጽደቅ።