አምስቱ ከጣሳው ሥር ናቸው

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጅ መደመርን የምትጀምረው ደጅ ላይ ነው፤ በቅልልቦሽ። አምስት ጠጠር ይዘረገፋል። አንዷ ወደ ላይ ተወርውራ እስክትመለስ መሬት ያሉት አራቱ ይለቀማሉ፤ መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስቱ ባንዴና የቀረችው ለብቻዋ፣ በመጨረሻ አራቱም ባንድ እፍታ። አራት በስንት መንገድ እንደሚፈርስና እንደሚገጠም እጇ ያውቀዋል። ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ኦ ክፍል ገብታ ሰሌዳው ላይ 3 + 1 ሲጻፍ ግን ያቺው ልጅ ዝም ትላለች።

ባዕድ የሆነባት ምልክቱ ነው። የመጨመር ስሜትማ ከአፍ መፍቻም ይቀድማል። ካረን ዊን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው ጥናት ለአምስት ወር ሕፃናት አንድ አሻንጉሊት አሳይታ በመጋረጃ ከለለችው፤ እያዩ ሌላ ጨመረችበት። መጋረጃው ሲነሣ አንድ ብቻ ከተገኘ ሕፃናቱ ረዘም ላለ ጊዜ አፍጥጠው ያዩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። እስከ ሃያ ሳትሳሳት የምትወርድ ልጅ ሰባት ባቄላ ቆጥራ ስትጨርስ «ስንት ናቸው?» ቢሏት እንደገና ከአንድ ልትጀምር ትችላለች። የመጨረሻው ቃል የሁሉም ልክ መሆኑ ገና አልገባትም። በቃል ማስጠናት የለመድን ሰዎች ነንና ይህን ክፍተት በቀላሉ አናየውም።

ቋንቋችን በበኩሉ ያግዛል። «አሥራ ሁለት» ውስጥ አሥርም ሁለትም ይሰማሉ፤ የእንግሊዝኛው «ትዌልቭ» ይህን አይናገርም። በጋይንት የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ዳዊት ሲደግም ፲፪ን ያገኛል፤ ፲ እና ፪ ሳይሸራረፉ ጎን ለጎን ቆመው። በ12 ውስጥ ያለው 1 ግን አሥር መሆኑን መምህር ካልነገረው አይታይም። ለስሌት የግእዙ ቁጥር ይከብዳል፤ ለመደመር መግቢያ ግን ያለ ቦታው የተረሳ ይመስለኛል።

ከ2002 ዓ.ም. የፖሊሲ ማዕቀፍ ወዲህ በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግቢ የተስፋፋው ኦ ክፍል ስድስት ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች ይቀበላል። በዚህ ዕድሜ ትልቁ እርምጃ ሁሉን ከአንድ ከመቁጠር ካወቁት ቁጥር ወደ መቀጠል መሻገር ነው። አምስት ባቄላ አለ፤ ሦስት ተጨመረ። ልጅቷ ስምንቱንም ከአንድ ጀምራ ትቆጥራለች። ጣት ብትጠቀም አይከልከሏት፤ ጊዜው ሲደርስ ራሷ ትተወዋለች። ይልቅ አምስቱ ላይ ጣሳ ይድፉባቸው።

«እዚህ ውስጥ ስንት አሉ?»

«አምስት።»

«እሺ፣ ከነዚህ ከሦስቱ ጋርስ?»

ጣሳውን ነካ ታደርግና «አምስት» ትላለች፤ ከዚያ ባቄላዎቹን እየገፋች «ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት።» ብዙዎቹ ወዲያው ጣሳውን ገልጠው አምስቱ መኖራቸውን ያጣራሉ። ይግለጡት።