በሥራ መካከል ከእግዚአብሔር ጋር ስለ መኖር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከእንጅባራ ተነሥቶ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ዳንግላ የሚሄድ መንገደኛ፥ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ በየማሳው ተተክሎ ያያል። አለፍ ሲልም በአፈር ከተሸፈነ ክምር ውስጥ ጢስ ቀስ እያለ ሲወጣ ይመለከታል። ይህ የአዊ ገበሬ ከሰል የሚያከስልበት ክምር ነው።

እንጨቱ ተቈርጦ ይደረደራል፤ በሣርና በአፈር ይሸፈናል፤ ከዚያም እሳት ይለኰስበታል። ነገር ግን ባለቤቱ እሳቱን ለኵሶ እንደ ወጣ አይቀርም። ሽፋኑ ተቀዶ ነፋስ ከገባበት እንጨቱ ነድዶ ዐመድ ይሆናል፤ መተንፈሻው ፈጽሞ ከተደፈነ ደግሞ እሳቱ ይታፈንና እንጨቱ ሳይከስል ይቀራል። ስለዚህ ቀንም ሌሊትም እየተመላለሰ ይጐበኘዋል። በመካከሉ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ይበላል፤ ከጎረቤቱ ጋር ይጫወታል፤ ልቡ ግን ከእሳቱ አይርቅም።

ምእመናን ሆይ፤ የክርስቲያን ኑሮም እንዲሁ ነው። በጥምቀት የተቀበልነው ጸጋ በውስጣችን እንዳለ እሳት ነው። እሑድ ጧት ብቻ ጐብኝተነው ሳምንቱን ሙሉ ብንተወው፥ ወይ የዓለም ነፋስ ገብቶ ያባክነዋል፥ ወይም የኑሮ ዐሳብ ደፍኖ ያፍነዋል።

ብዙ ሰዎች ለንስሐ አባታቸው፥ «አባቴ፥ እኔ ገበሬ ነኝ፤ እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ዘወትር መጸለይ የመነኰሳት ሥራ ነው» ይላሉ። ነገር ግን ቅዱስ ዳዊት መነኵሴ አልነበረም፤ የጦር ጭንቅና የመንግሥት ሥራ የከበበው ንጉሥ ነበረ። እንዲህም ሳለ በቀን ሰባት ጊዜ አምላኩን ያመሰግን እንደ ነበረ በመዝሙር 118 ቍጥር 164 ነግሮናል። ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ተከትላ ሰባት የጸሎት ጊዜያትን ሠርታልናለች።

በነግህ ሌሊቱን በሰላም ያሳለፈንን አምላክ እናመሰግናለን። በሠለስት፥ ማለት በ3 ሰዓት፥ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱን፤ በ6 ሰዓት ጌታችን መሰቀሉን፤ በ9 ሰዓት ቅድስት ነፍሱን ከቅዱስ ሥጋው በፈቃዱ መለየቱን፤ በሠርክም ወደ መቃብር መውረዱን እናስባለን። በመኝታ ጊዜ በጌቴሴማኒ መጸለዩን፥ በመንፈቀ ሌሊት መወለዱንና መነሣቱን፥ ዳግመኛም የሚመጣ መሆኑን እናስታውሳለን። እንግዲህ ቀኑንና ሌሊቱን በሙሉ የመድኃኒታችን ሥራ ሞልቶታል ማለት ነው።

እነዚህ ሰዓታት የተሠሩት ሥራ ለማስፈታት አይደለም። በሬ የጠመደ ገበሬ በ3 ሰዓት እርፉን ጥሎ ይሩጥ አልተባለም። በሬዎቹ ትልሙን ጨርሰው ሲዞሩ፥ እርፉን እንደ ያዘ ልቡን ወደ ላይ ቢያነሣ ይበቃዋል። እናትም ምጣዱ እስኪግል «አቡነ ዘበሰማያት» ብትደግም ጸሎቷ ይሰማል። ዳዊት መድገም ያልተማረ ሰው፥ በአማርኛም ሆነ በአዊኛ፥ በሚያውቀው ቋንቋ «አቤቱ ማረኝ» ይበል። በጰራቅሊጦስ ቀን ለሐዋርያት የአሕዛብን ቋንቋ የገለጠ አምላክ የማይሰማው ቋንቋ የለም።

ነህምያን እንመልከት። እርሱ የፋርስ ንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነበረ። ንጉሡ «ምን ትለምናለህ?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ፥ በጥያቄውና በመልሱ መካከል ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ (ነህ. 2፥4)። በንጉሡ ፊት ቆሞ ለመንበርከክ ጊዜ አልነበረውም። ነገር ግን ከዚያ በፊት ብዙ ቀን በጾምና በጸሎት ቆይቶ ነበርና፥ በዚያች በጭንቅ ሰዓት ልቡ መንገዱን አልሳተም። አጭር ጸሎት የሚገኘው ከቈየ ልማድ ነው።

ከእግዚአብሔር ጋር የሚኖር ሰው በገበያም ይታወቃል። ከሰሉን በጆንያ ሲሞላ ከላይ ወፍራሙን ደርድሮ ከሥር ድቃቂውንና አፈሩን የሚከት ሰው፥ ጧት ኪዳን አድርሶ ቢመጣ እንኳ፥ በዚያች ሰዓት ከእግዚአብሔር ርቋል። ያን ጆንያ የምትገዛው አዲስ አበባ ያለች አንዲት ድኻ ትሆናለች። እርሷ የበደላትን አታውቀውም፤ እግዚአብሔር ግን ያውቀዋል። እንግዲህ ጆንያውን ስንሞላ «አቤቱ፥ አንተ ታያለህ» ማለት ታላቅ ጸሎት ነው።

ምእመናን ሆይ፤ ይህ ልማድ የሚፈተነው በመከራ ቀን ነው። ዲከረንስ በአዊ ምድር ለብዙ ቤተ ሰብ እንደ ተቀማጭ ገንዘብ ነበረ። ልጅ ለማስተማር፥ ቤት ለመሥራት፥ ዕዳ ለመክፈል የታሰበው ሁሉ በዚያ ዛፍ ላይ ነበረ። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ግን ዝገት የሚመስል በሽታ ገብቶ ብዙ ተክል አደረቀ። ባለሙያዎች መርምረው በሽታው ከሻጋታ ወገን የሆነ ተውሳክ መሆኑን አስታውቀዋል። ስለዚህ «የማን ኀጢአት አመጣብን?» ብሎ ጎረቤትን መጠርጠር አይገባም፤ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በጠየቁ ጊዜ ጌታችን እንዲህ ያለውን ፍርድ አልተቀበለም (ዮሐ. 9፥3)። የሚገባስ የባለሙያን ምክር መስማት፥ የተጐዳውንም መርዳት ነው።

እግዚአብሔርን በዛፉ ልምላሜ ብቻ ያወቀ ሰው፥ ዛፉ ሲደርቅ አምላኩም የራቀው ይመስለዋል። በየሰዓቱ ሲያነጋግረው የኖረ ሰው ግን ያለቅሳል እንጂ ተስፋ አይቈርጥም። ነቢዩ ዕንባቆም በለስ ባታፈራ፥ እርሻ መብልን ባይሰጥ፥ በጎችም ከበረት ቢጠፉ፥ እርሱ በመድኃኒቱ ደስ እንደሚለው ተናገረ (ዕንባ. 3፥17-18)። ይህ የነቢዩ ጸሎት ከመዝሙረ ዳዊት ጋር በየቤታችን ይገኛል። በጥጋብ ቀን የደገምነው ከሆነ በችግር ቀን ስንቅ ይሆነናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሰባቱን ጊዜያት በአንድ ቀን እንጀምር ብንል እንደክምና እንተወዋለን። ከነገ ጀምሮ እያንዳንዳችን አንዱን ሰዓት እንምረጥ፤ በዚያችም ሰዓት፥ በማሳም ሆነ በሱቅ፥ በመንገድም ሆነ በጽሕፈት ቤት፥ ልባችንን ወደ እግዚአብሔር እንመልስ። እርሷን ከለመድን በኋላ፥ ከንስሐ አባታችን ጋር ተመካክረን ሁለተኛዪቱን እንጨምር። ከሰል አክሳዩ ለሚያልፍ ከሰል ሌሊት ከተነሣ፥ እኛ ለማያልፈው ሕይወት በቀን አንድ ጊዜ ልባችንን መጐብኘት አያቅተንም።

በውስጣችን ያኖረውን እሳት እንድንጠብቅ እግዚአብሔር ይርዳን፤ የእመቤታችን ምልጃ አይለየን፤ አሜን።