«ኦኬ»፦ ተረቱና እውነታው

«ኦኬ» ለማለት እንግሊዝኛ መቻል አያስፈልግም። የመርካቶ ነጋዴ በስልክ ዋጋ ቆርጦ ሲጨርስ ይለዋል፤ የቶኪዮና የሳኦ ፓውሎ ሰውም እንዲሁ። ቃሉ ድንበር በተሻገረ ቁጥር ስለ ትውልዱና ስለ ትርጉሙ የሚወራውም በዝቷል። ብዙው ወሬ ግን ሰነድ ፊት ሲቀርብ አይቆምም። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ተረት፦ ቃሉ የተወለደው በጦር ሜዳ ነው።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት፣ ሰው ሳይሞት በዋለበት ቀን ዜሮና «ኬ» ይጻፍ ነበር ይባላል፤ «የተገደለ የለም» ለማለት።

እውነታ፦ ጦርነቱ የፈነዳው በ1861 ነው። «ኦኬ» ደግሞ ማርች 23 ቀን 1839 በወጣው «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» ጋዜጣ ላይ ታትሞ ይገኛል፤ ጦርነቱን በ22 ዓመት ይቀድማል። በዚያ ዘመን የቦስተን ጋዜጠኞች ሐረጎችን ሆን ብለው በተሳሳተ ፊደል ጽፈው ማሳጠር ያዘወትሩ ነበር። «ኦል ኮሬክት»፣ ማለትም «ሁሉም ትክክል»፣ በእንግሊዝኛ በ«ኤ» እና በ«ሲ» ይጀምራል፤ እነሱ ግን በ«ኦ» እና በ«ኬ» ጻፉት። «ኦል ራይት»ንም በዚሁ ዘዴ «ኦ ደብልዩ» ብለውት ነበር። እሱ ተረሳ፤ «ኦኬ» ቀረ።

ተረት፦ ቃሉ ከሌላ ቋንቋ የተወሰደ ነው።

አንዳንዱ ከግሪኩ «ኦላ ካላ»፣ ሌላው ከምዕራብ አፍሪካው ወሎፍ፣ ሌላው ደግሞ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከቾክታው ቋንቋ መጣ ይላል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን የቾክታውን መላምት ስለተቀበሉ ቃሉን የሚጽፉት ከቾክታው መጣ በተባለው አጻጻፍ ነበር።

እውነታ፦ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን የዘር ሐረግ አይሆንም። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ምሁር አለን ዎከር ሪድ የዘመኑን ጋዜጦች እያገላበጡ የቃሉን ጉዞ ተከታተሉ፤ በ1963 እና በ1964 ያሳተሟቸው ጽሑፎችም መነሻውን የቦስተኑ አሕጽሮት አደረጉት። ዋና ዋናዎቹ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም ይህንኑ ይዘዋል።

ተረት፦ ቃሉን የፈጠሩት ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን ናቸው።

እውነታ፦ አልፈጠሩትም፤ ዕድሜውን ያረዘመለት ግን የእሳቸው የምርጫ ዘመቻ ነው። ቫን ቡረን የኒው ዮርኳ ኪንደርሁክ ተወላጅ ስለነበሩ «ኦልድ ኪንደርሁክ» የሚል ቅጽል ስም ነበራቸው። በ1840 ደጋፊዎቻቸው የሁለቱን ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ወስደው «ኦኬ ክለብ» አቋቋሙ። ቫን ቡረን በዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ተሸነፉ፤ በዘመቻው አገር ያዳረሰው ቃል ግን አልወደቀም። በኋላም የቴሌግራፍ ሠራተኞች «መልእክቱ ደርሷል» ለማለት ተገለገሉበት።

ተረት፦ በጠቋሚ ጣትና በአውራ ጣት ቀለበት መሥራት በየትም አገር «ኦኬ» ማለት ነው።

እውነታ፦ በብራዚል ነውረኛ ስድብ ነው። በጃፓን ገንዘብን፣ በፈረንሳይ ደግሞ ዜሮን ወይም ዋጋ ቢስነትን ሊያመለክት ይችላል።

ተረት፦ «ኦኬ» ማለት «በጣም ጥሩ» ማለት ነው።

እውነታ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ኦኬ» አንድ ነገር እንደሚበቃ ወይም ችግር እንደሌለበት ይናገራል እንጂ አያደንቅም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስለ በላው ምግብ ተጠይቆ «ኢት ዋዝ ኦኬ» ካለ፣ «ምንም አይል» ማለቱ ነው፤ ደክሞ ላበሰለ ሰው ይህ ምስጋና አይደለም። ወድቆ የተነሳ ሰው «ኦኬ ነኝ» ሲል ግን አልተጎዳሁም ማለቱ ነው።

ወሬ ሲጀመርና ርዕስ ሲቀየርም «ኦኬ» ይገባል። በስልክ የሌላውን ንግግር እየሰማን «እሺ… እሺ…» እንደምንለው፣ መስማማትን ሳይሆን መከታተልን ብቻ የሚገልጽበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ አሠሪ ሐሳብ ሲቀርብለት «ኦኬ» ስላለ ብቻ ፈቅዷል ማለት አይቻልም።

ወደ አሜሪካ አዲስ የሄደን ሰው በተለይ የሚያደናግረው «አይም ኦኬ» ነው። ቡና ይጨመርልህ ተብሎ የተጠየቀ እንግዳ እንዲህ ከመለሰ አልፈልግም፣ ይበቃኛል ማለቱ ነው። እንደ አገር ቤት «ኧረ በሞቴ!» ብሎ ሲኒውን መሙላት እዚያ አይጠበቅም፤ በምግብ ቤት ከሆነም አስተናጋጇ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ታልፋለች።