የመላጣዋ ዶሮ አንገት

ከአራዳ ጊዮርጊስ በታች ባለው ሰፈራችን እናቴ ለእንቁላል ብላ አንዲት ዶሮ ገዛች። ዶሮዋ መላጣ ነበረች፤ ከጉሮሮዋ ላይ ጉች ካለው ጥቂት ላባ በቀር አንገቷ ራቁቱን ነው። አንዲት ጎረቤታችን አይተዋት፣ «ይህችማ በሽተኛ ናት፤ ሌሎቹን ሳትጨርስ አስወግዷት» አሉ። እናቴም ልትሸጣት ቆረጠች።

እኔ ግን ቪታሚን ኤ ሲጎድል ዳፍንት እንደሚያመጣና ቆዳንም እንደሚጎዳ ተምሬ ስለ ነበር፣ «እማዬ፣ አንድ ወር ብቻ ታገሺኝ» ብዬ ለመንኋት። ጎመንና ካሮት እየከተፍሁ ዶሮዋን አበላኋት። ወሩ ሞላ፤ አንዲት ላባ እንኳ አልበቀለችም። አፍሬ ለሥነ ሕይወት መምህራችን ብነግራቸው፣ «ቪታሚኑስ በነገሩ አለበት፤ ነገር ግን ሥራው ያለቀው ገና በእንቁላል ውስጥ ሳለች ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትን እነሆ።

ጫጩት በእንቁላል ውስጥ 21 ቀን ያህል ትቆያለች። በ7ኛው ቀን ገደማ ለስላሳ የነበረው የጽንሱ ቆዳ ተራ በተራ ጉብጉብ ማለት ይጀምራል፤ እያንዳንዱም ጉብታ ኋላ ላባ ይሆናል። የቆዳው ሕዋሳት እርስ በርሳቸው መልእክት ይላላካሉ፤ አንዱ መልእክት «ላባ አብቅል» ሲል፣ ሌላው «ተው» ይላል። ከከልካዮቹ አንዱ ቢ ኤም ፒ ይባላል።

የአንገት ቆዳ ደግሞ ከቪታሚን ኤ ሬቲኖይክ አሲድ የሚባለውን ያዘጋጃል። የዚህ አሲድ ተቀባዮች እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. ታወቁ፤ አሲዱን ሲይዙ በሕዋሱ ውስጥ አንዳንዱን ጂን ያሠራሉ፣ ሌላውን ያስተኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. በስኮትላንድ የሮዝሊን ተቋም ሊቃውንት እንዳሳዩት፣ ይኸው አሲድ የአንገት ቆዳ «ተው» የሚለውን መልእክት ከሌላው አካል አብልጦ እንዲሰማ ያደርገዋል። በመላጣ ዶሮ ዘር ባለው ለውጥ ምክንያት ቢ ኤም ፒ 12 የተባለው ከልካይ ስለሚበዛ፣ ሌላው አካል ላባ ሲያወጣ አንገቷ ይከለከላል። አሲዱ ግን ሁልጊዜ ከልካይ አይደለም፤ በ10ኛው ቀን ገደማ ለጽንስ ሲሰጥ በእግር ቅርፊት ላይ ላባ እንደሚያበቅል እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. ተጽፏል። ሥራው እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው ነው።

በዚህ መካከል ዶሮዋ ከጎረቤት አውራ ዶሮ ወልዳ 11 እንቁላል ታቅፋ ስለ ነበር፣ እናቴ መሸጡን አዘገየችው። 9 ጫጩቶች ተፈለፈሉ፤ 5ቱ አንገታቸው ራቁት፣ 4ቱ ላባማ ሆኑ። ጉሮሮዋ ላይ ላባ ጉች ያለባት መላጣ ለውጡን የወረሰችው ከአንድ ወገን ብቻ ስለ ሆነ፣ ከተራ አውራ ስትወልድ ግማሽ ያህሉ ልጆቿ ይወርሱታል። ከእንቁላል ሲወጡ ጀምሮ እንዲህ መሆናቸው የዘር ነገር ነው እንጂ በሽታ አይደለም።

የላባ ማነስ በቆላ ሙቀትን ለማስወጣት ይረዳል፤ በአራዳ ክረምት ግን ይበርዳልና እናቴ በቅርጫት ገለባ አነጠፈችላቸው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ የዶሮ አንገት ቁስል ወይም እከክ ካለበት ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። ለስላሳና ንጹሕ ከሆነ ግን፣ በመላጣነቷ ብቻ አትፍረዱባት።