ለዓይንም ደቦ እንጥራ

ገበሬ ወንድሞችና እኅቶች! ይህን ጽሑፍ ለማንበብ የበቃችሁት ፊደል ስለቆጠራችሁ ነው። ዓይናችሁ ስላየም ነው። በየጎጡ ግን ዓይኑ ጠፍቶ ከምድጃ ዳር የተቀመጠ ሰው አለ። «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል?» ይባላል። ነገር ግን ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ እንደገና ማየት ይችላሉ።

በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከ100 ዓይነ ስውሮች 50 ያህሉን ያሳወራቸው የዓይን ሞራ ሆኖ ተገኘ። 11 ወይም 12ቱን ያሳወራቸው ትራኮማ ነበር። ትራኮማ ከሁሉም ክልል በርትቶ የተገኘው በአማራ ክልል ነው።

የዓይን ሞራ ምንድን ነው? በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፈው ክፍል ሲደፈርስ ነው። ቅጠል ቢጨመቅበት አይጠራም። ሐኪም የደፈረሰውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካበታል። ሰውየው ቢዘገይም እንኳ ብርሃኑ ሊመለስ ይችላል።

ትራኮማ ግን ጊዜ አይሰጥም። በእጅ፣ በነጠላ ጫፍና በዝንብ ከሕፃን ወደ ሕፃን፣ ከሕፃን ወደ እናት ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቃል። ልጅ አሳዳጊዎቹ ሴቶች ስለሆኑ እነሱን ይበልጥ ይጎዳል። ብዙዎች ፀጉሩን በወረንጦ ይነቅሉታል፤ ተመልሶ በቅሎ ይወጋል። በጠባሳ የጠፋ ብሌን እንደ ሞራ በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ ቀድሞ መታከም ያስፈልጋል።

ሕክምናው የት ነው? የታጠፈ ቆብ ለማቅናት ትልቅ ሆስፒታል አያስፈልግም። በክልላችን ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ ሲሠሩት ቆይተዋል። ሞራ ግን የዓይን ሐኪም ይፈልጋል። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ለመድረስ ከዳንግላ 78፣ ከእንጅባራ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የማያይ ሰው ይህን መንገድ ብቻውን አይሄድም። መሪ ይሻል፤ መሪውም ሥራ ይፈታል። መሳፈሪያና ማደሪያም አለ። ብዙ ሰው ከቤት የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በየጎጡ ዞራችሁ ዓይኑ የታመመውን ሁሉ መዝግቡ። አሁን መጻፍ ትችላላችሁ!

ሁለተኛ፣ ዝርዝሩን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስጡ። ሕክምናው የት፣ መቼና በስንት እንደሚሰጥ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ በዕድር መሳፈሪያ አዋጡ። ሕሙማኑ አብረው ይሂዱ፤ ለሁሉም አንድ ሁለት መሪ ይበቃል።

አራተኛ፣ ቀዶ ሕክምና ለሚፈሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በሚገባቸው ቋንቋ፣ በአገውኛ አስረዷቸው።

አምስተኛ፣ የልጆችን ፊት በየቀኑ እጠቡ። በመጸዳጃ ቤት ተጠቀሙ፤ ዝንብ ይቀንሳል። የትራኮማ መድኃኒት ዘመቻ ሲመጣ ማንም አይቅር።

ሰብል ሲደርስ ደቦ እንጠራለን። አንድ ሰው ብቻውን አጭዶ አይጨርስማ! የዓይን ነገርም እንዲሁ ነው። ዛሬ ማታ ይህን ጽሑፍ ለጎረቤት አንብቡ፤ ነገ መመዝገብ ጀምሩ።