የለመድነውን ሙዚቃ ደግሞ ማድመጥ ምን ይሰጣል?



የዛሬው ጥያቄዬ አጭር ነው፤ አጥንተን የጨረስነው የመሰለን ሙዚቃ ደግመን ብናደምጠው የሚሰጠን አዲስ ነገር አለን? ሊዮናርድ ማየር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሙዚቃ ስሜት የሚያሳድርብን የጠበቅነው ሲዘገይ ወይም ሳይፈጸም ሲቀር መሆኑን አስረድቷል። እንዲህ ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ የሚያውቅ አድማጭ ስሜቱ ሊነጥፍ ይገባ ነበር። ልምዳችን ግን የሚመሰክረው ሌላ ነው።

የግሌን ሚለር ኦርኬስትራ እ.ኤ.አ. በ1939 የቀረጸውን «ኢን ዘ ሙድ» የተሰኘ የስዊንግ ሥራ እንመልከት። ወደ ማብቂያው አንዲት አጭር ሐረግ እየተደጋገመች ድምፅዋ እየሰለለ ይሄዳል፤ ከዚያም ባንዱ በድንገት ያስተጋባል። ድንገቴው እንደሚመጣ ማወቃችን ጉጉታችንን አያጠፋውም፤ ይልቁንም ያከርረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1808 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ ደግሞ ሌላ ትርፍ ያሳየናል። የመክፈቻው ምት፣ ሦስት አጭርና አንድ ረጅም ድምፅ፣ በሦስተኛው ክፍል በሆርኖች ተመልሶ ይመጣል። በመጀመሪያው ማድመጥ ጆሯችን በዜማው ስለሚያዝ ይህ ዝምድና ሊያመልጠን ይችላል። ዜማው ሲለመድ ግን ጆሮ ነጻ ወጥቶ ወደ ባሱና ወደ ውስጠኞቹ ድምፆች ይወርዳል።

ሆኖም ድግግሞሽ ያለ ትኩረት ፍሬ የለውም። ሌላ ሥራ እየሠራን የምናሰማው ሙዚቃ መቶ ጊዜ ቢመላለስም ባዕድ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ዜማን መለየት ሥራውን ማወቅ አይምሰላችሁ። በሚገባ የምታውቁትን አንድ ሥራ ምረጡና ዜማውን ትታችሁ ባሱን ብቻ እስከ መጨረሻው ተከተሉ።