ከጋፋት ምድጃ እስከ ካሉብ የጋዝ ጕድጓድ

ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብላ ያለችው ጋፋት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩባት ስፍራ መኾኗን የማያውቅ የለም። ስለ ሴባስቶፖል ትልቅነትም ብዙ ተጽፏል፤ በምድጃው አጠገብ ቆመው ስለ ነበሩት ሠራተኞች አደጋ ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ዋልድማየርና ጓደኞቹ ወንጌል ለማስተማርና በእጅ ሥራ ለመርዳት የመጡ ነበሩ እንጂ መድፍ ማቅለጥ የተማሩ አልነበሩም። አንችልም ቢሉም የንጉሡ ትእዛዝ ግድ ኾነባቸው። የቀለጠ ነሐስ የሚፈስበት የሸክላ ቅርጽ ጥቂት ርጥበት የቀረበት እንደ ኾነ፥ ውሃው ባንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ እሳቱን በሠራተኛው ላይ ይረጨዋል፤ የበጌምድርን ክረምት ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል አሥጊ እንደ ኾነ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተፈጽሞ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ መጓዝ ዠመረ። ነገር ግን የሚያዘውም፥ የሚቸኵለውም፥ በቃ ብሎ የሚቀበለውም አንድ ሰው ነበረ። በዚያው ዓመት በስቅለት ዕለት፥ ሚያዝያ 3 ቀን፥ በአሮጌ ጦርነት ከታላላቆቹ መድፎች አንዱ ሲተኮስ ፈነዳ። በለንደን ግን ከዚያ ከኹለት መቶ ዓመት በፊት የጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር አፈሙዙን ባሩድ አብዝቶ እየፈተነ፥ የጸናውን ማኅተም ይመታበት ነበር።

ይህን ያነሣነው ለታሪክ ብቻ አይደለም። በሱማሌ ክልል በካሉብ ያለው የተፈጥሮ ጋዝ ከተገኘ ከኀምሳ ዓመት በላይ ኾኖታል፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የጋዙ ፋብሪካ የመጀመሪያ ክፍል ተመርቋል። ጋዝም ከቀለጠ ነሐስ ይልቅ ተንኰለኛ ነውና፥ በባሕር ላይ ቀድመው ያወጡት ሰዎች ምን እንዳገኛቸው መመልከት ይገባናል።

በሰሜን ባሕር፥ ከስኮትላንድ ጠረፍ ርቆ፥ ፓይፐር አልፋ የሚባል የብረት መድረክ ነበረ። ሰኔ 29 ቀን 1980 ዓ.ም. የቀን ተረኞች የአንዱን ፓምፕ የደኅንነት ቧምቧ ለጥገና ፈትተው ቀዳዳውን በክዳን ብቻ ሸፈኑት። የፓምፑ ወረቀትና የቧምቧው ወረቀት በየፊናቸው ተቀምጠው ነበርና የሌሊት ተረኞች አላወቁም። ኹለተኛው ፓምፕ በቆመ ጊዜ ይህንኑ አስነሡት፤ ጋዙ አምልጦ ተቀጣጠለ። በአንዲት ወረቀት ጕድለት መድረኩ ነደደ፤ 167 ሰዎችም ሞቱ።

ከዚህ ኹሉ የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ክሌይሞርና ታርታን የሚባሉት ጎረቤት መድረኮች እሳቱን ከሩቅ እያዩ ዘይትና ጋዝ መላክን አላቋረጡም ነበር። የብስ ላይ ካሉት አለቆች ፈቃድ ሳያገኙ ሥራ ማስቆምን እንደ ድፍረት ይቈጥሩት ነበርና። ለአለቃ መታዘዝ መልካም ነገር ነው፤ እኛም በቢሮ ያደግን ሰዎች እናውቀዋለን፤ ነገር ግን ባልንጀራው እየነደደ ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው ማንን አገለገለ?

ዳኛው ሎርድ ከለን በኅዳር 1983 ዓ.ም. ባወጣው ምርመራ 106 ምክሮች አቀረበ፤ መንግሥቱም ኹሉንም ተቀበለ። የደኅንነት ቍጥጥር ከኀይል ሚኒስቴር ወጥቶ ለሥራ ጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ተሰጠ። እያንዳንዱም ኩባንያ መድረኩ ምን አደጋ እንዳለበትና በምን እንደሚከላከለው ራሱ ጽፎ እንዲያስረዳ ግዴታ ኾነበት። አሜሪካ ግን ይህን ትምህርት ቸል ብላ፥ ግብር የሚሰበስበውም፥ ፈቃድ የሚሰጠውም፥ የሚቈጣጠረውም አንድ መሥሪያ ቤት ኾኖ ቆየ። ሚያዝያ 12 ቀን 2002 ዓ.ም. ዲፕዋተር ሆራይዘን ፈንድቶ 11 ሰዎች ከሞቱ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ተከፋፈለ።

ሊቃውንት ይህን ነገር ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ያውቁታል። ቤት ሠሪ ለጣራው መከታ እንዲያደርግ የታዘዘው ሰው ከመውደቁ አስቀድሞ ነው፤ ባያደርግ የወደቀው ሰው ደም በቤቱ ላይ ይኾናል።

በአገራችን በ1978 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ሥራዎች አዋጅ፥ ውል መዋዋልንም ሥራውን መቈጣጠርንም ለአንድ ሚኒስቴር ሰጠ። ጋዝ ባልወጣበት ዘመን ይህ የሚነቀፍ አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደግሞ የሥራን ስፍራ ደኅንነት በአሠሪው ላይ ጥሏል። የቀረው ጋዙን ከማይሸጥና ከገቢው ከማይጠየቅ ወገን፥ ቧምቧና ወረቀት አንብቦ የሚያውቅ መርማሪ መሾም ነው። ካሉብ ከአዲስ አበባ እጅግ የራቀ በረሓ ነው፤ እንደ ባሕር መድረክ ይቈጠራል። በዚያ በእኩለ ሌሊት ማስጠንቀቂያው ቢጮኽ፥ ተረኛው ማንንም ሳይጠይቅ ጕድጓዱን እንዲዘጋና ስለዚህም እንዳይቀጣ፥ ስሙና ሥልጣኑ ዛሬ በጽሑፍ ይሰጠው።